ስም ያልተጻፈባቸው መቃብሮች፦ የምሥራቅ ጎጃም አቅኚዎች ያረፉበት ዐጸድ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ አፋፍ፣ ወደ የጁቤ የሚወርድ መንገደኛ ግራና ቀኙን እየቃኘ ቢሄድ፣ ጤፉና ስንዴው፣ ባቄላውና ጓያው በየተራው ከሚዘራበት፣ እስከ ገደሉ ጠርዝ ድረስ ታርሶ ዛፍ ካልቀረለት ምድር መካከል፣ እዚህም እዚያም በየጉብታው ላይ ክብ ሆኖ የቆመ ጥቁር ደን ያያል። ከሞጣ እስከ ቢቸና፣ ከቢቸና እስከ ደጀን ያለውም አገር መልኩ እንዲሁ ነው። ደኑ የጽድና የወይራ፣ አልፎ አልፎም የዝግባና የዋንዛ ነው፤ በመካከሉ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ደግሞ፣ ከዛፉ ሥርና ከሣሩ ውስጥ፣ ድንጋይ የተከመረበት፣ ወይም ድንጋዩ ተበትኖ መሬቱ ብቻ ሰርጎድ ያለበት ቦታ ይታያል። አገሩን መጀመሪያ መንጥረው ያቀኑት ሰዎች፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው፣ እስከ ትናንት ወዲያ እስከ ሞተው ገበሬ ድረስ፣ የተኙት በዚያው ነው፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከተሠሩት ጥቂቶች በቀር ግን በመቃብራቸው ላይ ስም ተጽፎ አይገኝም።

ይህን ያየ እንግዳ፣ በተለይም የሌላውን ዓለም መካነ መቃብር አይቶ የመጣ፣ የዚህ አገር ሰው ሙታኑን ቶሎ የሚረሳ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከ1967 ዓ.ም. በፊት በነበረው ሥርዐት፣ ፊደል ያልቈጠረ የቢቸና ወይም የሞጣ ገበሬ፣ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን፣ የምንዠላቱንና የእንጅላቱን ስም በቃሉ ይዞ፣ አገሩን መጀመሪያ እስከ ያዘው አባት ድረስ ይወጣ ነበር፤ በአባቱ በኩል ብቻም ሳይሆን በእናቱም፣ በአባቱ እናትም፣ በእናቱ እናትም በኩል እንዲሁ ይቈጥር ነበር። ይህን ሁሉ ስም በልቡ የተሸከመው የሚያርሰው መሬት ያለ እነዚያ ስሞች የማይጸናለት በመሆኑ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር ስለ አቅኚዎች መቃብር ሊያወራ የሚነሣ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ ስለ ርስት ማውራቱ አይቀርም።

የጎጃም ምድር ከክርስቲያን ነገሥታት ግዛት ጋር የተጋጠመበት ዘመን ሲፈለግ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ነው፤ ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1316 እና በ1317 በዳሞትና በጎጃም ያደረገው ዘመቻ በሐይቅ እስጢፋኖስ የወንጌል መጽሐፍ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። ከሠራዊቱ ኋላ መነኰሳቱ መጡ፤ ከመነኰሳቱም ጋር፣ አንዳንድ ጊዜም ከእነርሱ ቀድሞ፣ ምሳርና ማረሻ የያዘው ሰው መጣ። እቴጌ እሌኒ እ.ኤ.አ. በ1500 ገደማ ያሠሩት የመርጡለ ማርያም ገዳም፣ በዚህ በምሥራቁ በኩል የክርስቲያኑ ሰፈራ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበረ ያሳያል። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኦሮሞ ሕዝብ ዓባይን ተሻግሮ በዚሁ ወገን ሰፈረ፤ የጁቤ ያለችበት የባሶ ሊበን አገር ይህን ታሪክ በስሙ ተሸክሞ ይገኛል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የሞጣ ጊዮርጊስን አቋቁመው፣ ለካህናቱ መሬት ደልድለው፣ ዛሬ ከተማ የሆነውን ቦታ መሠረቱ። እንግዲህ በዚህ አገር አቅኚ ስንል አንድ ወገንና አንድ ዘመን ማለታችን አይደለም፤ ምድሩ ጠፍ ሆኖ ደግሞ ቀንቷል፣ ቀንቶም ደግሞ ጠፍ ሆኗል፤ በየጊዜውም የመጣው ሰው ከቀደመው ጋር ተጋብቶ፣ የቀደመውን አባት አባቴ ብሎ፣ በአንድ ዐጸድ ተቀብሯል።

የአገሩ ሰው መሬቱን መጀመሪያ የያዘውን ሰው በጎጃም ዋና አባት፣ በሌላው አገር አቅኚ አባት ይለዋል። ታሪኩ ከአጥቢያ አጥቢያ ቢለያይም አጥንቱ አንድ ነው፦ አንድ ሰው፣ ከሩቅ አገር ተነሥቶ፣ ከንጉሥ ወይም ከመስፍን ፈቃድ ተቀብሎ፣ ብዙ ጊዜም ታቦት ይዞ፣ ዱር ወደ ነበረው ቦታ ይመጣል፤ ዱሩን ይመነጥራል፤ ለታቦቱ ቦታ ለይቶ፣ ለካህኑ መሬት ቈርሶ፣ የቀረውን ለልጆቹ ያካፍላል፤ ልጆቹም የየድርሻቸው ምንዝር አባት ይባላሉ። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ አለን ሆበን በ1950ዎቹ ዓ.ም. በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህንኑ ሥርዐት አጥንቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው መጽሐፉም፣ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ብቻ የሚወርድ ሳይሆን በወንድም በሴትም በኩል ከዋናው አባት መወለዱን ማስረዳት ለቻለ ሁሉ የሚከፈት መብት እንደ ነበረ በሰፊው ያስረዳል። መብቱ ለሁሉ ክፍት ይሁን እንጂ መሬቱ አንድ ነው፤ ክርክሩም ማለቂያ ያልነበረው ስለዚህ ነው።

አዲስ አገር ሲቀና የመጀመሪያው ጭንቀት እህል ነው፤ ሁለተኛው ሬሳ ይመስለኛል። ሰው በደረሰበት አገር ሁሉ በረሃብም በወባም መሞቱ አይቀርም፤ ክርስቲያን ደግሞ ፍትሐት ሳይደረግለትና በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ሳያርፍ በሜዳ መጣልን ከሞቱ ይልቅ ይፈራል። ቤተ ክርስቲያን ባልተተከለበት አዲስ ሰፈር የሞተው ሰው፣ በቃሬዛ ተይዞ፣ ዳገት ወጥቶ ቍልቍለት ወርዶ፣ ወደ እናት ደብሩ መወሰድ ነበረበት። በበጋ ይህ ድካም ብቻ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን ጨሞጋ፣ ሙጋና ሱሃ ሞልተው መሻገሪያ ሲያሳጡ፣ ሬሳ የተሸከመ ሰው ከወንዝ ዳር ቆሞ ውኃው እስኪጎድል ይጠብቃል። ሰፋሪዎቹ የራሳችን ታቦት ይተከልልን ብለው ለገዢና ለካህን አቤት የሚሉበት ምክንያት ከቅዳሴው ናፍቆት ጋር ይኸም የሬሳው ጭንቀት እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። ታቦት ማስባረክም ቀላል ነገር አልነበረም፤ ታቦት የሚባርከው ጳጳስ ለረጅም ዘመን ከግብፅ የሚላክ አንድ ሰው ብቻ ነበርና፣ ለጎጃም የራሱ ጳጳስ፣ አቡነ ሉቃስ፣ የተመደቡለት ዐፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1881 አራት ጳጳሳት ካስመጡ በኋላ ነው።

ታቦቱ ከገባ በኋላ የዐጸዱ ሥርዐት ወዲያው ይጸናል። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ ከውስጥ ወደ ውጭ መቅደስ፣ ቅድስትና ቅኔ ማኅሌት ተብሎ እንደሚከፈል ሁሉ፣ የሙታኑም ቦታ በማዕርግ የተከፈለ ነው። ለመቅደሱ ቀረብ ብለው የሚያርፉት ካህናቱና መነኰሳቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑን የተከለው ሰውና ዘሩ፣ እንዲሁም መኳንንቱ ናቸው፤ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጥር 1893 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ የተቀበሩት ራሳቸው ባሠሩት በደብረ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ተራው ምእመን ከዛፉ ሥር፣ ወደ ቅጥሩ ጠጋ ብሎ ያርፋል። ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ይጋደማል፤ በትንሣኤ ሙታን ቀን ሲነሣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ፣ ጌታ ወደሚመጣበት አቅጣጫ እንዲሆን ነው። ከዚህ በቀር ምልክት የለውም፤ ቢበዛ የድንጋይ ክምር ነው።

ክምሩም ዘላለማዊ አይደለም። ዐጸዱ ጠባብ ነው፤ ሟቹ ብዙ ነው፤ ከሁለትና ከሦስት ትውልድ በኋላ በዚያው ቦታ ጉድጓድ ሲማስ የቀድሞው ሰው ዐጽም ይወጣል፤ ቆፋሪዎቹም ዐጽሙን በክብር ወደ ጎን አኑረው፣ አዲሱን ሟች ካጋደሙ በኋላ አብረው መልሰው አፈር ያለብሱታል። በአንድ ክንድ አፈር ውስጥ አባትና ልጅ፣ አያትና ምንዠላት አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡበት ዐጸድ ጥቂት አይደለም። በመቃብሩ ላይ ስም ያልተጻፈበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ቦታው የአንድ ሰው ሳይሆን የዘሩ ነውና።

የተከለከሉም ነበሩ፤ ይህን አለመናገር ታሪኩን ማሳመር ይሆናል። ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን፣ ማለትም ወንዱ አርባ፣ ሴቷ ሰማንያ ቀን ሳይሞላቸው የሞቱ፣ ራሱን የገደለ ሰው፣ የነፍስ አባት ሳይዝ የኖረ ሰው፣ ከቅጥሩ ውጭ ይቀበራሉ ወይም ፍትሐት ይከለከላሉ። እስላሞቹ ደግሞ የራሳቸው መካነ መቃብር አላቸው። የጁቤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዓባይ ማዶ ከእናርያና ከጉዱሩ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና፣ ለማለት የሚከብድ ቢሆንም፣ ባሪያ የሚሸጥበት ታላቅ የባሶ ገበያ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. ከ1840 እስከ 1843 በኢትዮጵያ የቆየው እንግሊዛዊ ቻርልስ ቤክ ስለዚሁ ገበያ ጽፏል። የሩቁን ንግድ የያዙት አብዛኛውን ጊዜ እስላም ነጋዴዎች ነበሩ፤ በሞጣም እንዲሁ የቆየ የእስላም ማኅበረ ሰብ አለ። እነዚህ ሰዎች ለአገሩ ሀብት ብዙ የደከሙ ሲሆኑ፣ በክርስቲያኑ ደጋ በጠቅላላው ርስት አልነበራቸውም፤ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪውም እንዲሁ በአብዛኛው ርስት የለሽ ነበሩ። የሙታኑ ካርታ የመሬቱ ካርታ ነበረ ማለት ይቻላል፤ በአንዱ ላይ ቦታ ያልነበረው በሌላውም ላይ የነበረው ቦታ ጠባብ ነው።

ሞት ሲሆን መርዶ ነጋሪው ማለዳ ይመጣል። ሬሳውን ካህናቱ ከጸሎቱ ጋር ይገንዙታል፤ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በሰሌን ተከፍኖ፣ በአልጋ ወይም በቃሬዛ ተይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ጎረቤቱ ዶማውንና አካፋውን ይዞ ቀድሞ ወጥቶ ጉድጓዱን ይምሳል፤ ይህ የክፍያ ሥራ አይደለም፤ ዛሬ ለሌላው የማሰ፣ ነገ ይማስለታልና። ፍትሐቱ ከተደረገ በኋላ ሰው ወደ ለቅሶው ቤት ተመልሶ ንፍሮ ይቀምሳል። ሟቹ የታወቀ ሰው ወይም ጀግና እንደ ሆነ ፈረሱ ተጭኖ፣ ጠመንጃውና ጋሻው ተይዞ፣ አልቃሿ የአባቶቹን ስም እየጠራች፣ የገደለውንና የተሟገተውን፣ የሰጠውንና ያበላውን እያነሣች ታስለቅሳለች። ለቅሶ ላይ የቆመ የአሥር ዓመት ልጅ ዘሩን የሚማርበት ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ቤት አልነበረውም፤ አልቃሿ ያልጠራችው አባትም ለልጁ እንደ ሌለ ነበር።

ከዚያም ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ ዐሥራ ሁለቱ፣ ሠላሳው፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁ፣ ሙት ዓመቱ ይከተላል፤ አቅም ያለው እስከ ሰባት ዓመቱ ይደርሳል። ከእነዚህ ሁሉ ትልቁ ተዝካሩ ነው። ዳስ ተጥሎ፣ ፍሪዳ ታርዶ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ካህናቱ፣ ነዳያኑና የአገሩ ሰው ሁሉ ተጠርቶ ይበላል። የዘመኑ ጸሓፊዎች ተዝካርን በከንቱ የሚባክን ሀብት፣ ገበሬውን በዕዳ የሚዘፍቅ ልማድ እያሉ ነቅፈውታል፤ ነቀፋቸውም ከእውነት የራቀ አይደለም፤ በአንድ ቀን ድግስ የበሬ ጥማዱን ያጣ ቤት ጥቂት አልነበረምና። ነገር ግን ነቃፊዎቹ አንድ ነገር አልመረመሩም። ተዝካሩን ያወጣ ልጅ፣ በካህናቱና በአገሩ ሰው ፊት፣ የሟቹ ወራሽ እኔ ነኝ ማለቱ ነው፤ የበላው ሰው ሁሉ ምስክሩ ነው። ነገ የአጎቱ ልጅ ወይም ከሩቅ የመጣ ዘመድ በርስቱ ቢነሣበት፣ ዳሱ ውስጥ የተቀመጡት ሽማግሌዎች የአባቱን ተዝካር ማን እንዳወጣ ያውቃሉ። በወረቀት ሰነድ በሌለበት አገር የበሬው ሥጋ ከወረቀት ይልቅ የጸና ማኅተም ነበረ ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ወረቀት ፈጽሞ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በታላላቆቹ አድባራትና ገዳማት፣ ንጉሥ ወይም መስፍን የሰጠው ጉልት፣ ለካህናት የተደለደለው የሰሞን መሬት፣ አልፎ አልፎም ሽያጭና ስጦታ፣ በወንጌሉ መጽሐፍ ኅዳግና በባዶው ቅጠል ላይ ይጻፍ ነበር፤ በላዩም የሚጥስ ሰው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል ይታከልበታል። የሞጣ ጊዮርጊስ የመሬት ጽሑፎች ለታሪክ ጸሓፊዎች ታላቅ መዝገብ የሆኑት ከዚህ የተነሣ ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ግን የትልልቆቹ ሰዎች ነው። ተራው አቅኚ በወንጌል ኅዳግ አልገባም፤ ድንጋይም አልተቀረጸለትም፤ ስሙ የተላለፈው በወራሾቹ አፍ ነው።

በሌላው የዓለም ክፍል ያለው ሁኔታ ሲታይ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። በአሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ1862 የወጣው የሰፋሪዎች መሬት ሕግ ለአንድ አባወራ 160 ኤከር እንዲሰጥ ከፈቀደ በኋላ፣ በካንሳስና በኔብራስካ ሜዳ የሰፈሩት ሰዎች ሙታናቸውን በእርሻቸው ጥግ፣ ወይም በመንደሩ ትንሽ ጸሎት ቤት አጠገብ እየቀበሩ፣ በድንጋይ ላይ ስም፣ የልደትና የሞት ቀን ይጽፉ ነበር። የመሬቱ መብት በመንግሥት መዝገብ ቤት ስለ ተጻፈ የሟቹ ስም ለመሬቱ አያስፈልግም ነበር፤ ስለዚህ ልጆቹ እርሻውን ሸጠው ወደ ከተማ በሄዱ ጊዜ መቃብሩ ወራሽ አልባ ቀረ፤ ዛሬ ብዙዎቹን እሾኽ ከዋጣቸው በኋላ የሚያጸዱአቸው የታሪክ ወዳጅ ማኅበራት ናቸው። እዚያ ድንጋዩ ቀርቶ ሰው ሄደ፤ በጎጃም ስም የተጻፈበት ድንጋይ አልነበረም፣ ሰው ግን አልሄደም። ለእኔ ሁለተኛው ይሻለኛል፤ ይህን ስል ግን ዋጋው ስንት እንደ ነበረ ሳልዘነጋ ነው፤ ያ የዘር ቈጠራ ስንት ወንድማማች በችሎት ያቃቃረ፣ ስንት ሰው በጥይት ያስገደለ ነውና።

ለዚህ ርስት የጎጃም ገበሬ ምን ያህል እንደ ተነሣ ለማየት ከ1960 ዓ.ም. ወደ ራቀ ዘመን መሄድ አያስፈልግም። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲወጣ፣ ከሁሉ አስቀድመው አሻፈረኝ ካሉት መካከል የሞጣና የቢቸና አውራጃዎች ይገኛሉ። በጽሑፍ ሲታይ ግብሩ በምርት ላይ እንጂ በመሬት ላይ የተጣለ አልነበረም። ገበሬው ግን መዝጋቢ ኮሚቴ ወደ እርሻው መግባቱን ብቻ አየ፤ ከመዝጋቢው ኋላ ቀላድ፣ ከቀላዱ ኋላ ርስት ነቃይ ይመጣል ብሎ ጠረጠረ፤ የአባቶቼ ዐጥንት ያረፈበትን ማን ለክቶ ማን ይሰጠኛል በሚል መንፈስ ጠመንጃውን አነሣ። ጦር ሠራዊትና አውሮፕላን እንኳ ተላከበት። በመጨረሻው ግን በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ገዢ በደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ቦታ ሌላ ሰው ተሾመ፤ ግብሩም በጎጃም እንደ ታሰበው ሳይሰበሰብ ቀረ።

ከስምንት ዓመት ያነሰ ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ጦርና አውሮፕላን ያልነቀለውን ርስት አንድ ዐዋጅ ነቀለው። ዐዋጅ ቍጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ አንድ ቤተ ሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ወሰነ፤ በትንሹ በ800 ሄክታር ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አዘዘ። ጭሰኛው፣ ሸማኔው፣ እስላሙ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕግ የመሬት ባለመብት የሆኑት በዚህ ዐዋጅ ነው፤ ይህን ውለታ ማንም ሊክደው አይችልም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተደረገው ሽግሽግ ደግሞ የቀረውን የድሮ ድልድል አናወጠው። ከዚያ ወዲያ አንድ ወጣት መሬት የሚያገኘው ዋናውን አባት ቈጥሮ ሳይሆን በቀበሌው መዝገብ ላይ ስሙን አስጽፎ ሆነ። ምንዠላቱን ማወቅ ለጋብቻ እንጂ ለእርሻ አያስፈልገውም፤ ሰባት ቤት ሳይቈጠር መጋባት አሁንም ነውር ነውና፣ ዘር ቈጠራው በዚህች በቀረችው ክር ተንጠልጥሎ ይኖራል።

መቃብሩም በዚሁ ጊዜ ተለወጠ። ድሮ ስም የማይጻፍበት ዐጸድ ዛሬ በሲሚንቶ መቃብር መሞላት ጀምሯል። ከተማ ወርዶ የተለወጠ፣ ወይም ባሕር ማዶ ያለ ልጅ፣ የአባቱን መቃብር በብሎኬት አስገንብቶ፣ በሰድር አልብሶ፣ ፎቶግራፉን በመስተዋት ሥር አድርጎ፣ በብረት አጥር ያሳጥረዋል። ልጁን የሚወቅሰው የለም፤ ርስቱን ያጣ ዘር ስሙን በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ይፈልጋል፤ እርሱም የቀረለት ቦታ ሲሚንቶው ነው። ችግሩ ግን የታወቀ ነው፤ ሲሚንቶ የተለበጠ መቃብር ለሁለተኛ ሟች አይከፈትም። ትናንት ለሦስት ትውልድ የሚበቃ የነበረው ክንድ መሬት ዛሬ ለአንድ ሰው ለዘላለም ይያዛል፤ ዐጸዱም ሲሞላ፣ ለአዲስ መቃብር የሚለቀቀው ዛፉ ያለበት ቦታ ነው።

ዛፉ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። ከሞጣ በሰባራ ድልድይ ማዶ፣ በደቡብ ጎንደር፣ የአብያተ ክርስቲያናትን ደን ያጠኑት የደን ሊቅ ዓለማየሁ ዋሴ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በፈጸሙት የዶክትሬት ጥናታቸው፣ የደጋው ጥንታዊ ደን ቅሪት በአብዛኛው በእነዚሁ ዐጸዶች ውስጥ ተወስኖ መቅረቱን፣ ከብት እየገባ ቡቃያውን ስለሚበላውና ስለሚረግጠው አዲስ ዛፍ እንደማይተካ አመልክተዋል። ከዚያም ወዲህ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር በመሆን በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲካብ ደክመዋል፤ ካቡ ከብቱን ከለከለ፣ የጽዱም ቡቃያ መብቀል ጀመረ። አቅኚው አባት መንጥሮ ካቀናው ዱር የተረፈው እርሱ ራሱ በተቀበረበት ቦታ ያለው ብቻ መሆኑን ያስተዋለ ሰው ጥቂት ነው፤ ምሳሩን ያስቆመው የሙታኑና የታቦቱ ፍርሃት ነው እንጂ ለዛፉ የተደረገ ርኅራኄ አይመስለኝም። ዛሬ የየአጥቢያው ጕዳይ በ1965 ዓ.ም. መጀመሪያ በወጣው የቤተ ክርስቲያኗ ደንብ፣ በቃለ ዓዋዲ፣ መሠረት በሰበካ ጉባኤ ይታያል፤ የሲሚንቶው ነገርም የሚቆረጠው በዚሁ ጉባኤ ነው። የመቃብሩ ልክ ስንት ክንድ እንዲሆን፣ አጥር እንዲከለከል፣ ዛፍ እንዳይነካ አንድ ጊዜ በቃለ ጉባኤ ቢወሰን፣ ለእያንዳንዱ ሟች ቤተ ሰብ በኀዘኑ ቀን እምቢ ከማለት ይቀላል።

የስሞቹ ጉዳይ ግን በሰበካ ጉባኤ የሚፈጸም አይደለም፤ ጊዜም አይሰጥም። በ1967 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ጎልማሳ ሆኖ በአባቱ የርስት ሙግት ምስክር ለመሆን የበቃ ሰው ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎታል። እንዲህ ያለውን ሽማግሌ፣ ከቄሰ ገበዙ ጋር አንድ ላይ፣ በዐጸዱ ውስጥ እያዞሩ ቢጠይቁት፣ ይህ የእገሌ ወገን መቀበሪያ ነው፣ ያ ደግሞ ከእገሊት የሚወለዱት ነው እያለ፣ የአንድ አጥቢያን ሙታን በየወገናቸው መለየት ይችላል። ቃሉንም የሚያመሳክሩበት ነገር አለ፤ የርስት ክርክር ወደ አውራጃ ፍርድ ቤት በደረሰ ጊዜ፣ ከሳሹ ከዋናው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ የቈጠረውን ዘር፣ ተከሳሹም ያንን ለመሻር ያቀረበውን ቈጠራ ጸሓፊው በመዝገብ ላይ ያሰፍር ነበር። በአቧራ ውስጥ ካልጠፉ በቀር፣ በቢቸናም በሞጣም በኩል የእነዚያ ዐጸዶች የስም ዝርዝር ሊገኝ የሚችለው በእነዚሁ የሙግት መዝገቦች ውስጥ ነው፤ የአንዱ ወገን የተረታበት መዝገብ እንኳ፣ ለመሬቱ ባይረባ፣ ለመቃብሩ ይጠቅማል።